ጆሮዋን በኮሚቴ ያጣችው ጭራቅ

ሀርጌሳ በጦርነቱ ያጣችውን ጣሪያዋን ገና እየመለሰች በነበረበት ዘመን ሥራዬ ጭራቅ መተርጎም ነበር። ውሌ ላይ «ካልቸራል ፎካል ፐርሰን» ይላል እንጂ ሥራው ይኸው ነው። የአገሬው ጭራቅ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ አሮጊቶችን እየጠየቅሁ ወደ እንግሊዝኛ እመልስ ነበር።

ለዚህ ማዕረግ ያበቃኝ እውቀት ሳይሆን ድሬዳዋ ነው። እናትና አባቴ የሀርጌሳ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄም ተምሬም ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ሰላም ሲሆን እናቴ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እኔ ደግሞ ተከትያት መጣሁ። ሶማልኛዬ ሰው ይገባዋል፤ ነገር ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች «ሐበሻው» እያሉ ይስቁብኛል። አማርኛዬ እዚያ ለማንም አይጠቅምም፤ ከጅጅጋ ጫት ይዘው ከሚመጡት ነጋዴዎች በቀር የሚሰማኝ የለም። የቀረኝ እንግሊዝኛ ነበርና የውጭ ረድኤት ሰዎች ቢሮ በእሱ ወሰደኝ። በጥይት የተበሳሳ ቪላ ተከራይተው ቀዳዳውን በሰማያዊ ቀለም ሞልተውታል። ከሩቅ ሲያዩት ቤቱ ፈንጣጣ ወጥቶበት የዳነ ይመስላል።

ለትንንሽ ልጆች የንባብ መጽሐፍ የምታዘጋጅ ኮንሰልታንት ከአውሮፓ መጣች። በእጇ የዓለም ጭራቆች በሥዕል የተሰበሰቡበት ትልቅ መጽሐፍ ይዛለች። ሐሳቧ ይህ ነው፦ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ጭራቅ አለው፤ ጭራቆቹም ይመሳሰላሉ፤ ልጆች ጭራቆቻቸው ዘመዳሞች መሆናቸውን ካወቁ ሲያድጉ አይዋጉም። እዚህ የተዋጉት ሰዎች ጭራቃቸው አንድ እንደነበር ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም ነበር።

«ተረት አዋቂ ሴት ፈልግልኝ» አለችኝ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእናቴ ቤት ሦስተኛው አጥር ላይ፣ የግመል ወተት የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እኔ «ኤዶ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ ማለት ነው፤ እሳቸውም መልሰው «ኤዶ» ይሉኛል። በሶማሌ ወግ አክስት የወንድሟን ልጅ በራሷ መጠሪያ ነው የምትጠራው። እንዲህ እየተጠራራን ስናወራ ኮንሰልታንቷ ሁለታችንም አንድ ስም ያለን መስሏት በማስታወሻዋ ላይ ጽፋው ነበር።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ የአስር ሰላት ሲያበቃ፣ ከጆንያና ከቆርቆሮ በተሠራችው ቤታቸው ደጃፍ እንቀመጣለን። ኮንሰልታንቷ መቅረጫዋን መሬት ላይ ታኖራለች። መጀመሪያ የራሷን ጭራቆች ማሳየት ፈለገች፤ እምነት ለመገንባት ነው አለች። መጽሐፉን ገልጣ ካባ የለበሰ፣ ፊቱ የነጣ ሰውዬ አሳየቻቸው። ሞቶ ተቀብሮ፣ ከመቃብሩ እየወጣ የሰው ደም የሚጠጣ ነው።

ኤዶ ሥዕሉን አተኩረው አዩት። «ሞቶ ከተነሳ ቤተሰቦቹ በደንብ አልቀበሩትም ማለት ነው» አሉ። «ሰው ሲሞት በዚያው ቀን አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውበት ቢቀብሩት ምን ብሎ ይወጣል? ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የዘመዶቹ ነው።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ኮንሰልታንቷ።

«በጣም የሚያስፈራ ነው ይላሉ» አልኳት።

ቀጥላ በዶሮ እግር በምትቆም ጎጆ ውስጥ የምትኖር አሮጊት ጠንቋይ አሳየች። ጎጆዋ ትሄዳለች። ኤዶ ሳቁ። «ቤት ቢሄድ ምን ያስፈራል? የእናቴ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ በግመል ጀርባ ስትሄድ ነው የኖረች። የማይሄድ ቤት ነው የሚያስፈራው፤ ሲመቱት ቆሞ ይጠብቃል።» ከዚያ ደግሞ ከወንዝ ወጥቶ ልጅ ወደ ውሃ የሚጎትት እንቁራሪት መሳይ ፍጡር መጣ። «ይኼ ውሃ የተረፈው አገር ማስፈራሪያ ነው» አሉ። «እኛ ልጅ ወደ ውሃ እንዲሄድ ጄሪካን አስይዘን ነው የምንለምነው።»

ይህንንም ሁሉ «ባህላችሁን ያደንቃሉ» እያልኩ አሳለፍኩት። ያን ጊዜ እኔ አስተርጓሚ ሳልሆን ቅባት ነበርኩ። በሁለት ብረት መካከል ገብቼ ድምፅ እንዳይወጣ አደርግ ነበር። ሁለቱም ወገን ይወደኛል፤ ደስ የሚል ሰው ነው ይባልልኛል።

ኤዶ ተራቸው ሲደርስ በመጀመሪያ ስለ ቆሪ ኢስማሪስ አወሩ። ቀን ሰው ነው፤ ሲመሽ ገላውን በእንጨት ያሽና ጅብ ይሆናል። ይህን ስሰማ ድሬዳዋ ትዝ አለችኝና ስለ ቡዳ ነገርኳቸው። በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሲፈልግ ጅብ የሚሆን ሰው እኛም ጋ አለ አልኳቸው።

«እናንተ ጋ ጅብ የሚሆነው ማን ነው?»

«ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነው ይባላል።»

«ድስታችሁንና ቢላችሁን የሚሠራው ማን ነው ታዲያ?»

«እነሱው ናቸው።»

ወተት የሚለኩበትን ጣሳ አስቀመጡ። «የኛም ያው ነው» አሉ። «ጅብ የሚባለው ሁልጊዜ ልጃችንን የማንድርለት ሰው ነው።»

ይህችን እንኳ በትክክል መተርጎም ነበረብኝ፤ ለኮንሰልታንቷ ሐሳብ ከዚህ የሚሻል ነገር የት ይገኛል? ግን ቢሮ ውስጥ ከዚያው ከተናቀው ወገን የሆነ አንድ ሾፌር ነበርና፣ ነገሩ ሪፖርት ላይ ወጥቶ ማን ምን እንደሚል ፈራሁ። «ጅብ በሁሉም አገር አለ ይላሉ» አልኩ።

ዋናዋ ጭራቅ ግን ደግዴር ናት። ስሟ በሶማልኛ ረጅም ጆሮ ማለት ነው። አንድ ጆሮዋ ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል፤ በዚያ ጆሮ ሩቅ የሚሄድ ሰው ኮቴ ትሰማለች፤ ከሰማች የማታሳድደው፣ ካሳደደች የማትይዘው የለም። የያዘችውን ትበላለች። ኤዶ ሲያወሯት እጃቸው ወደ ጆሯቸው ይሄዳል፣ ድምፃቸው ይወርዳል፤ ወተት ሊገዙ የመጡ ሴቶች ጣሳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

ኮንሰልታንቷ ከወረቀቷ ላይ ጥያቄ አነበበች። «ይህን ተረት ለመጨረሻ ጊዜ ለልጆች የነገሩት መቼ ነው?»

ኤዶ በአገጫቸው ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ አመለከቱ። «የመንግሥታችን አውሮፕላኖች ከዚያ ተነስተው እዚሁ ቦምብ ሲጥሉብን» አሉ። «ከራሳችን ሜዳ ተነስተው፣ በራሳችን ጣሪያ ላይ። ባለቤቴ ከቤቱ ጋር ቀረ። እኔ ሦስት ልጆቼንና የጎረቤቴን ሁለት ልጆች ይዤ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ወጣሁ። ቀን ከቁጥቋጦ ሥር እንተኛለን፣ ፀሐይ ሲበርድ እንሄዳለን። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ እግራችን እምቢ አለ አሉ። አልቅሰው ቢጮኹ ወታደር ይሰማል። አውሮፕላን ይመጣል ብላቸው ደርቀው ይቀራሉ፤ አይተውታላ። ደግዴር ከኋላችን ናት አልኳቸው። ጆሮዋ ረጅም ነው፣ ድምፅ እንዳታሰሙ፤ ሮጣ ትይዛለች፣ እንዳትቆሙ። ተነስተው ሄዱ። አምስቱም ደረሱ። ትልቁን ፍርሃት ነጠቅኳቸውና ትንሹን ሰጠኋቸው።»

ይህን ስተረጉም አልቀባሁትም። ኮንሰልታንቷ አለቀሰች፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ መቅረጫውን አየችና ባትሪው እንዳለቀ ነገረችኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ረቂቁ ተጻፈ። ወደ ሶማልኛ እየመለስኩ ለኤዶ ማንበብ የኔ ተራ ነበር። በአዲሱ ተረት ደግዴር ሰው አትበላም፤ ሰዎች በመልኳ ስለሚሸሿት ብቻ ታዝናለች። አንዲት ጎበዝ ልጅ ትቀርባትና ጓደኛዋ ትሆናለች። በመጨረሻ ሁለቱ አብረው ጓሮ ቆፍረው አትክልት ይተክላሉ። መጽሐፉ «ኒውትሪሽን» ከሚባለው የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ጋር እንዲያያዝ ተፈልጎ ነው፤ ካሮት ሦስት ገጽ ላይ አለ።

ኤዶ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ካሮት ትበላለች?» አሉ።

«አዎ፣ ኤዶ።»

«ከዚህች ሴትዮ የሚሸሽ ማን ነው? ያን ቀን ይቺ ከኋላችን ናት ብላቸው ኖሮ ልጆቼ ቆመው ይጠብቋት ነበር።»

ለኮንሰልታንቷ «አንዳንድ አስተያየት አላቸው» አልኳት። አስተያየቱን መጽሐፉን በሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት እንዲያቀርቡ «ሪሶርስ ፐርሰን» ተብለው ተጋበዙ። ኤዶ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ «አዋቂ ሰው ማለት ነው» አልኳቸው። ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ፤ ለስብሰባው ቀንም አዲስ ሻሽ አሰሩ።

ከዚያ በፊት ግን ሥዕሉ መጣ። ሠዓሊው በገበያው ውስጥ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ፍየል፣ ቲማቲምና የፀጉር ማበጠሪያ የሚስል ሰው ነው፤ ሱቁን ፊደል ላልቆጠረ ሰው የሚያስነብበው እሱ ነው። ኮንሰልታንቷ ፈገግ ያለች ጭራቅ እንዲስል ጠየቀችው። «ጥርሷ ይታይ?» አለ። «ይታይ» አለችው። ጥርሱን እስከ መጨረሻው መንጋጋ ሣለው። ጆሮውን ደግሞ ከኤዶ አፍ ሰምቶት ስለነበር እስከ ወገቧ አወረደው።

የመጽሐፍ ኮሚቴው የተሰበሰበው ሰማያዊ በተቀባው ቪላችን ነው። አንድ ሼክ፣ አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ አንዲት የሴቶች ማኅበር ተወካይና ሰብሳቢው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጺማቸውን ሂና የቀቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እጅግ ጨዋ ሰው ነበሩ። በድሮው መንግሥት ጊዜ ግን ሻይ ቤት ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር ይባላል፤ ያዳመጡትንም ለሚመለከተው ያደርሱ ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። ከጦርነቱ በኋላ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ብዙ ነገር ይቅር ተባብለዋል፤ እሳቸውም በዚያ ይቅርታ በአንድ በር ገብተው በሌላው በር ሰብሳቢ ሆነው ወጡ።

ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሼኩ ሕያው ፍጡር መሣል እንደማይገባ አሳሰቡ። ርዕሰ መምህሩ ደግዴር ሕያው አይደለችም አሉ። ሼኩ የሌለች ከሆነች ለልጆች የሌለ ነገር ማስተማር ውሸት ይሆናል አሉ፤ ካለች ደግሞ አትሣልም። በዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ሄደ። የማኅበሯ ተወካይ ሰው የሚበላው ሁልጊዜ ሴት የሚሆነው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ርዕሰ መምህሩ ፊቷ የባለቤታቸውን እናት እንደሚመስልና ቤታቸው ሰላም እንዲያድር ትንሽ ቢለወጥ እንደሚሻል ለኔ በጆሮዬ ነገሩኝ።

ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ሥዕሉን ተቀበሉና ብዙ ጊዜ ያዙት።

«ጥርሱ ይሁን» አሉ። «ጥፍሩም ይሁን። ይህ ጆሮ ግን ሰላም ያናጋል።»

«እንዴት?» አለች ኮንሰልታንቷ፣ ተርጉሜላት።

«ሕዝቡ ገና ቁስሉ አልደረቀም። ረጅም ጆሮ ሲያይ ሌላ ነገር ያስታውሳል። ያለፈውን አንቀስቅስ።»

ሼኩ መቁጠሪያቸውን ያዙ። ኤዶ ከጥግ ወንበራቸው፣ በአዲሱ ሻሻቸው፣ ተረጋግተው ተናገሩ። «ጆሮ የሚያስፈራው ራሱ ጆሮ የነበረውን ነው። ሌላ ሰውማ ከደግዴር የሚፈራው ጥርሷን ነው።»

«ምን አሉ?» አለች ኮንሰልታንቷ።

አፌ እንደ ልማዱ ሮጠ። እኚህ እናት የኮሚቴውን ጥንቃቄ እንደሚያደንቁ፣ የባህል ቅርስ በጥበብ መያዝ እንዳለበት፣ ስለ ግብዣውም እንደሚያመሰግኑ አስረዳሁ። ኮንሰልታንቷ ፈገግ አለችላቸው፤ እጇንም ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻቸው።

ኤዶ ወደኔ ዞሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የስደተኛ ካምፕ ሳሉ ከዘበኞችና ከነጋዴ የለቀሟት አማርኛ ነበረቻቸው፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ነው መሰል በእሷ ተናገሩኝ። «እኔ ትንሽ ተናገርኩ፣ አንተ ብዙ አወራህ» አሉኝ። «ሴትዮዋም ሳቀች። የኔ ነገር አያስቅም።»

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ኤዶ ያሉትን ያልሰማ አንድም ሶማሌ የለም። ሰብሳቢው ሰምተዋል፣ ሼኩ ሰምተዋል። ስንት ወር ሙሉ ያለሰለስኩት ሁሉ ከማንም አልጠበቀም፤ አንዲት የውጭ ሴት ደስ ብሏት እንድትውል ብቻ ነው የለፋሁት። ወደ ኮንሰልታንቷ ዞሬ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩና የኤዶን ቃል እንዳለ ነገርኳት።

ብዕሯን አነሳች። «በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ጆሮ የነበረው ማለት ማን ነው?»

ሰብሳቢው እንግሊዝኛ እንደሚችሉ የዚያን ቀን አወቅን። ጥያቄው ሳይተረጎም ተነሱና የሻይ ሰዓት መድረሱን አስታወቁ።

ከሻይ በኋላ ኤዶ ወንበራቸው ላይ አልነበሩም፤ ወተታቸው እንዳይበላሽ ሄደዋል። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ «የጆሮው ርዝመት በጋራ መግባባት ተስተካክሏል።»

መጽሐፉ ውጭ አገር ታተመ። ካርቶኖቹን ከአየር ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ የጉምሩኩ ሰውዬ አንዱን ከፍቶ ገለጠና «ይቺ ማን ናት?» አለኝ። ደግዴር ናት አልኩት። መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርቶኑን መልሶ አሸገው። ሥዕሉን ሌላ አገር ሌላ ሰው እንደገና ሥሎት ነበር። ጉንጯ ቀይ፣ ጸጉሯ የተጎነጎነ፣ ካሮት የታቀፈች ወፍራም ሴት፤ ሁለት ትናንሽ፣ እኩል የሆኑ ጆሮዎች አሏት።

መጀመሪያ ያከፋፈልነው 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ግማሹ ክፍል በሸራ ድንኳን ውስጥ ይማራል። መምህሩ መጽሐፉን አስከፈተና «ደግዴር» ብሎ ርዕሱን አነበበ። ልጆቹ ገጹን አገላብጠው ፈለጓት። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ጆሮዋስ?»

መምህሩ ወደኔ ተመለከተ። እኔ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ተመለከትኩ። በሳምንቱ ስንመለስ በየመጽሐፉ ላይ በእርሳስ ጆሮ ተሠርቶላት አገኘን። እስከ ትከሻ ያወረደ አለ፣ እስከ እግሯ ያደረሰ አለ፤ አንዱ ጆሮዋን ከገጹ አውጥቶ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ካሮቱን ጠምጥሞበታል። ኮንሰልታንቷ በመጨረሻ ሪፖርቷ ላይ ልጆቹ የመጽሐፉ ባለቤትነት ስሜት እንደተሰማቸው ጻፈች። ውሸት አይደለም። ፎቶ አንስታ ስትሄድም ከልብ ተሰነባበትን፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ካልሆነ አይታ አታውቅም ነበር።

የኔ ውል በስትራክቸር ለውጥ ምክንያት አልታደሰም። ስትራክቸሩ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ሰብሳቢው ግን ለኃላፊዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ሻይ ጋብዘው እንደነበር ሾፌሩ ነግሮኛል። እኔም አማርኛዬን ይዤ ወደ ገበያው ወረድኩና ከጅጅጋ ለሚመጡት ነጋዴዎች ማስተርጎም ጀመርኩ። እዚያ ማለስለስ የለም፤ ሻጭ ገዢን ሌባ ካለው ሌባ ብዬ እተረጉማለሁ፣ ከዚያ ይስማማሉ።

ሰብሳቢውን መስጊድ በር ላይ አገኛቸዋለሁ። ቂም የያዙብኝ አይመስሉም። እጄን ሳይለቁ የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። ቀጥለው አሁን ከነማን ጋር እንደምሠራ፣ ከሰዓት የት እንደምቀመጥ፣ ነጋዴዎቹ ስለ ከተማው አስተዳደር ምን እንደሚሉ ይጠይቁኛል። ሁሉንም በፈገግታ ነው።

ይህን ለኤዶ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ ወተት እየለኩ ነበር።

«ታዲያ ትመልስላቸዋለህ?» አሉ።

«ታላቅ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ እንዴት እነፍጋለሁ? እመልሳለሁ።»

«መልስላቸው» አሉ። «የእናትህን ጤና ንገራቸው። ደህና ናት በል። ለቀረው ጥያቄ አልሐምዱሊላህ ብለህ ጫማህን ፈልግ።»